የአዘዞው ጎሚስታ እና የስኮትላንዱ ቅዱስ ዮሐንስ

አዘዞ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ሁሉ ወንዴን ያውቀዋል። ያልተነፈሰበትም ነገ ያውቀዋል፤ ወንዴ በሚሠራበት የአስፋልት ዳር ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ጠፍቶ አያውቅምና። ክፉ አሳቢዎች ምስማሩን የሚበትነው ራሱ ነው ይላሉ። ወንዴ ይህን ሲሰማ አይቆጣም። "እኔ ብበትን ኖሮ አዲስ ምስማር ነበር የምበትነው፤ ይሄ የዛገ ነው" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ጎሚስታ ነው። ሀብቱ የሚያጓራ ኮምፕሬሰር፣ ክሪክ፣ ካላማዳሪ እየነከረ ቀዳዳ የሚፈልግበት ግማሽ በርሜል ውሃና ደንበኛ የሚቀመጥበት አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ የእግር ኳስ ክለብ አለው። አለው ስንል ገዝቶት አይደለም፤ ክለቡም ወንዴ የሚባል ሰው በምድር ላይ መኖሩን አያውቅም። ግን በአዘዞ፣ በጎንደር፣ ምናልባትም ከዚህ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ የክለቡ ደጋፊ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የኔ ነው ቢል የሚከራከረው የለም።

እንደሚታወቀው በሰፈሩ ሰው ሲወለድ ወይ አርሴናል ነው ወይ ማንቸስተር። ፋሲል ከነማ አይቆጠርም፤ እሱ ዘመድ እንጂ ክለብ አይደለም፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም አይመረጥም። ወንዴም እስከ ጎልማሳነቱ ድረስ እንደ ሰው አርሴናል ነበር፤ እንደ ሰውም ይሠቃይ ነበር። አንድ ቀን ግን ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ሰማያዊ ማሊያ አወጣ። ክርኑ ደህና ነው፣ አንገቱ ደህና ነው፣ ጀርባው ላይ ብቻ አንድ ፈረንጅ ምን ሲበላበት እንደነበር የማይታወቅ የወጥ ዓይነት ነጠብጣብ አለበት። ደረቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቆጠረና "ስት ጆህንስቶነ" ብሎ አነበበው። የመኪና ዕቃ ስም መሰለው።

ትክክለኛውን ንባብ የነገረችው ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ቃልኪዳን ናት። ቃልኪዳን አንድ ቪትዝ አላት፤ ቪትዟ ደግሞ ምስማር ትወዳለች።

"ሴንት ጆንስተን ነው የሚለው፣ ጋሼ ወንዴ" አለችው ጎማው ላይ ተቀምጣ። "ሴንት ማለት ቅዱስ ነው። ጆን ዮሐንስ። የቅዱስ ዮሐንስ ከተማ እንደማለት ነው። ቆይ ልየው።" ስልኳን ጎረጎረች። "ስኮትላንድ ነው። ከተማዋ ዛሬ ፐርዝ ትባላለች፤ ድሮ የቅዱስ ዮሐንስ ከተማ ነበር የምትባለው። በመጥምቁ ስም።"

ወንዴ መፍቻውን አስቀመጠ። ይህ ሰው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የቅዱስ ዮሐንስ ጽዋ ማኅበርተኛ ነው። ሌላውን ነገር ሁሉ ይረሳል፤ የሚስቱን ልደት፣ የኮምፕሬሰሩን ዘይት፣ የሰው ጎማ መልሶ ማሰርን እንኳ አንድ ጊዜ ረስቷል። ወር በገባ በሠላሳ ግን ቀርቶ አያውቅም።

"ቅዱስ ዮሐንስ ክለብ አለው እንዴ?"

"ቅዱስ ጊዮርጊስ አለው አይደል?" አለች ቃልኪዳን።

ቅዱስ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ ዋንጫ ሲሰበስብ መጥምቁ ዝም ብሎ የሚያይበት ምክንያት ለወንዴ አልታየውም። በዚያው ቀን አርሴናልን ተወ። ሃያ ዓመት ያናደደችውን ሴት የፈታ ሰው እንደዚያ አይቀልለውም።

ከዚያ ወዲህ የቃልኪዳን ጎማ ቶሎ አይጠገንም። ቀዳዳው ወዲያው ቢገኝም ወንዴ "ሌላም ሳይኖር አይቀርም" እያለ ካላማዳሪውን ደጋግሞ ይነክራል፤ እሷም እየሳቀች ስልኳን ታነብለታለች። ተንኮሉን ከመጀመሪያው ቀን ነቅታበታለች። ግን ክፍል ውስጥ የምታስተምራቸው ልጆች እንደዚህ አፋቸውን ከፍተው አዳምጠዋት አያውቁም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወንዴ የቅዱስ ዮሐንስን ገድል አጠና። ክለቡን የመሠረቱት ክሪኬት ተጫዋቾች ናቸው። ክሪኬት ምንድነው ላላችሁ፣ ወንዴ እንደሚያስረዳው ገና ጨዋታ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሰው አይፈነከትም፣ በመሃል ሻይ ይጠጣል፣ ማን እንዳሸነፈም ተጫዋቾቹ ራሳቸው እርግጠኛ አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ብርዱ ሲመጣ ሥራ ፈቱና ኳስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ መቶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስኮትላንድን ዋንጫ ጠበቁ። መቶ ሠላሳ! ኪሩ የሚባለው የማንቸስተር ደጋፊ ባጃጅ ነጂ ይህን ሲሰማ ከሳቁ የተነሣ ከባጃጁ ወረደ። ወንዴ ግን "አንተ ሦስት ዓመት ያለ ዋንጫ ስትቀር አይደል ቴሌቪዥን የምትሰብረው? ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው" አለው።

የኪሩን አፍ የዘጋው ሌላ ነገር ነው። የማንቸስተር ሰዎች እንደ አባት የሚምሉበት ፈርጉሰን፣ በጎረምሳነቱ አጥቂ ሆኖ ሲሮጥ የነበረው በቅዱስ ዮሐንስ ማሊያ ነው። ተጠባባቂ መሆን ሰልችቶት የወንድሙን እጮኛ እናቱን መስላ ለአሰልጣኙ እንድትደውልና "ልጄን ጉንፋን ይዞታል" እንድትል አደረገ። እናቱ ደረሰችበትና ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ አስገደደችው። አሰልጣኙ ግን የቀሩትን ልጆች እውነተኛ ጉንፋን ጥሎበት ተጫዋች አጥቶ ነበርና፣ ቀጣፊውን አሰለፈው። ሄደው በሬንጀርስ ሜዳ ሦስት ለሁለት አሸነፉ፤ ሦስቱንም ያገባው ፈርጉሰን ነው።

"እኛ ነን ያሳደግነው" ይላል ወንዴ ማንቸስተር ባየ ቁጥር።

"አሳድጋችሁ ምነው ሰደዳችሁት?" ይላል ኪሩ።

"ለትምህርት ልከነው ነው። እናንተ ዘንድ ቀረ።"

ከዚህ ሌላ ሐምቡርግን የሚያህል የጀርመን ቡድን መጥቶ ሦስት ለዜሮ ተገርፎ የሄደበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ወንዴ የነበረበት ያህል ያወራዋል። ዋናው ግን የሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስቱ ነው። በዚያ የኮሮና ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ ሁለቱንም የአገሩን ዋንጫ በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ ወሰደ። ሁለቱንም ፍጻሜ አንድ ለዜሮ፤ ሁለቱንም ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ሩኒ የሚባል ተከላካይ ነው። ኪሩ "ሩኒማ የኛ ነው" ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ ሌላ ሩኒ ነው። ስታዲየሙ ባዶ ነበር፣ አንድ ደጋፊ አልገባም። ወንዴ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱና ፐርዝ ያሉት ደጋፊዎች እኩል ሆኑ፤ ሁሉም ከቤቱ ነው ያየው።

ስለት ነበረበት። "ዋንጫውን ከወሰድህልኝ በማኅበሬ ቀን ድፎውን እጥፍ አደርጋለሁ" ብሎ ተስሎ ነበር። ግንቦት ሠላሳ ተራው ደረሰና ድፎው በድርብ ሲገባ፣ የማኅበሩን ጽዋ የሚያስቀምጡት እማማ ወለተሩፋኤል ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ምን አገኘህ ልጄ?"

"ቅዱስ ዮሐንስ ሁለቱንም ዋንጫ ወሰደ፣ እማማ።"

"ማን ወሰደ?" አሮጊቷ ተነሥተው ወደ ሣጥናቸው ሮጡ። ጽዋው በቦታው መኖሩን በእጃቸው ዳብሰው እስኪያረጋግጡ ድረስ ድፎውን የነካ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ወንዴ በማኅበር ላይ ኳስ እንዳያነሣ ተገዘተ።

እስከዚህ ድረስ የሚስቅ ሰው ይሳቅ። አሁን ወደሚያሳዝነው እንመጣለን።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ግንቦት ቅዱስ ዮሐንስ ወረደ። ከዋናው ሊግ ወደ ታችኛው። ኪሩ በባጃጁ ጡሩንባ እየነፋ አዘዞን ዞረ፤ "ቅዱስ ሲወርድ ለማየት በቃን!" እያለ። ወንዴ ለሳምንት ያህል ማሊያውን ከላዩ አላወለቀም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ ስልክ መጣ። የደወለው የታላቅ ወንድሙ የላቀው ልጅ አብዮት ነው።

"አጎቴ፣ አባቴ መስኩን ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው። ሐምሌ ሲገባ።"

ወንዴ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ያ መስክ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ያለ የአባታቸው መስክ ነው። አባታቸው ሲሞት ለላቀው ደረሰ፤ አርሶ የቀረው እሱ ነዋ። ወንዴ የሱን ድርሻ ጠይቆ አያውቅም፣ አንድ ነገር ብቻ ሲቀር፤ መስኩ ለኳስ ይተው። በበጋ የመንደሩ ጎረምሶች ኳስ ይጫወቱበታል። ወንዴ ከጥቂት ዓመት በፊት ሄዶ እነዚህን ጎረምሶች ሰበሰበ፣ የጠጋገነውን ኳስ ሰጣቸው፣ ከቅዳሜ ገበያ ሰማያዊ የሆነውን ሁሉ ለቅሞ አለበሳቸው፣ ስማቸውንም ቅዱስ ዮሐንስ አለው። አንዱ የሆስፒታል ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ሰማያዊ ነው፣ በቃ። ወንዴ ልጅ የለውም። ያ ቡድን ነው ልጁ። መስኩ ባሕር ዛፍ ከሆነ ቡድኑ የሚገባበት የለም፤ የቀረው አገር ሁሉ ወይ እርሻ ነው ወይ ገደል።

መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቆ ሚኒባስ ተሳፈረ። ኮሶዬ ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ የፊቱን መኪና እንኳ አያይም፤ ወንዴም ምን ብሎ እንደሚጀምር አይታየውም። ላቀው ልመና አይወድም። ቁጣም አይፈራም። አንድ የሚወደው ነገር ቢኖር ታሪክ ነው፤ ሸጋ አድርገው ካወሩለት ሞፈሩን ጥሎ ይሰማል። እናም ወንዴ ጉሙ ውስጥ ሆኖ ወሰነ። ቃልኪዳን ያነበበችለትን የአንድ የስኮትላንድ ገበሬ ታሪክ እነግረዋለሁ አለ።

ማታ የላቀው ሚስት ውቢት የጾም ሽሮ አቀረበች፣ ጠላውን ቀዳች። ወንዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አያ ላቀው፣ አንድ የሰማሁት ታሪክ አለ።"

"ንገረኛ።"

"ከባሕር ማዶ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ የድሮ ቦታው ከተማ መሃል ነበር።"

"ሸጋ።"

"ብዙ ዘመን ኖረበት። አረጀበት። ኋላ ትልቅ ሱቅ የሚሠሩ ሰዎች መጡና ቦታውን ገዙት።"

ላቀው ዋንጫውን ከአፉ መለሰ። "የዮሐንስን?"

"አዎ።"

"ምነው? ሰው የለም አገሩ ላይ?"

"ሰውማ አለ፤ ተስማምተው ነው።"

"ውቢት፣ ነይ ስሚ፤ የዮሐንስን ቦታ ሱቅ አደረጉት! ታቦቱስ የት ገባ?"

ውቢት አማተበች። ወንዴ እዚህ ላይ ነው ማረም የነበረበት። ኳስ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ወንድሙ እንደዚያ ፊቱ በርቶ ሲሰማው ዓመታት አልፈዋልና ቃሉን በጠላ አወራረደው።

"ታዲያ አንድ ገበሬ ተነሣ" አለ።

"ማን ይባላል?"

"ማክዲያርሚድ።"

"መቃርስ" አለ ላቀው ለሚስቱ ሲያስረዳት።

"ያርሰው ከነበረው መሬት ቆርሶ ለቅዱስ ዮሐንስ ሰጠው።"

"በነፃ?"

"በነፃ።"

"ልጆቹ ዝም አሉት?"

ይህን ወንዴ አላወቀም፤ ቃልኪዳን ያነበበችለት ላይ አልነበረም። "ዝም አሉት" አለ። "ዛሬ ቅዱስ ዮሐንስ ያለው እዚያ ነው። ቦታው በገበሬው ስም ነው የሚጠራው። በየሳምንቱ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። ይዘምራሉ፤ ደስ ሲላቸው ይተቃቀፋሉ፤ ሲከፋቸው ያለቅሳሉ።"

ከልጆቹ ዝም ማለት በቀር ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነ አንድም ነገር የለም፤ ወንዴም ሌሊቱን እንቅልፍ ባጣ ቁጥር ይህንኑ ለራሱ ይደጋግም ነበር። ላቀው የቀረውን ጠላ ጨለጠ። ከዚያ "መቃርስ ሸጋ ሰው ነው" ብሎ ሊተኛ ሄደ። ጠዋት ስለ ባሕር ዛፉ ሲጠየቅ "እግዜር ያውቃል" አለ እንጂ ሌላ አልወጣውም። ወንዴ ግማሽ ድል ይዤ ተመለስኩ ብሎ ወደ አዘዞ ወረደ።

ግማሹ ድል ሙሉ መዓት ሆኖ የመጣው ሰኔ ሠላሳ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ልደት ነበርና ወንዴ ለበዓሉ እንደገና ወጥቶ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከቅጽሩ ሳይወጣ ላቀው ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። መምሬ በላቸው እንዲናገር ፈቀዱለት።

"ወገኖቼ፣ ያባቴን መስክ ለቅዱስ ዮሐንስ ሰጥቻለሁ" አለ።

እልልታው ዛፍ ላይ ያለውን ወፍ ሁሉ አስነሣው። ሴቶቹ አለቀሱ። መምሬ በላቸው መረቁት፤ ሀገረ ስብከቱ ሲፈቅድ በመጥምቁ ስም ቤተ ክርስቲያን እንደሚተከል ተናገሩ። ሕዝቡ ዝናቡን ሳይፈራ ወደ መስኩ ተመመና ከወይራ የተጠረበ መስቀል አቆመ። የት አቆመው ብትሉ፣ ጎረምሶቹ ቦታው እንዳይጠፋባቸው በአመድ ነጭ ያደረጉት ክብ ምልክት አለ፤ ሰዎቹ ይህ ከሰማይ የተሰጠ ምልክት መሰላቸው። ልክ የሜዳው መሃል ነጥብ ላይ ተተከለ።

አብዮት ኳሱን በብብቱ ይዞ ከዳር ቆሟል። የሆስፒታሉን ሸሚዝ የለበሰውም አብሮት ነው።

"አጎቴ፣ እኛ እንግዲህ የት ነን?" አለው።

ወንዴ ዓይኑን ከኳሱ ወደ መስቀሉ አዞረ። ከባሕር ዛፍ ጋርስ ቢያንስ ይጣላሉ፤ ከመጥምቁ ጋር ማን ይጣላል? በገዛ አፉ ነው ሜዳውን የቀበረው። ያን ቀን የተሰማው እፍረት አርሴናል ስምንት ጎል በገባበት ቀን እንኳ አልተሰማውም ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን ላቀው ብቻ ቀረ። መስኩ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ወንዴ ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

"አያ ላቀው፣ በድያለሁ።"

"ምነው? ምን አደረግህ?"

"ያ የነገርሁህ ቅዱስ ዮሐንስ…" በእግሩ ጭቃውን ጫረ። "ኳስ ተጫዋች ነው።"

ላቀው ቀና ብሎም አላየው። "አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ከነመውረዱ አውቃለሁ። አብዮት ስልኩን ይዞ 'ቅዱስ ዮሐንስ ወረደ' እያለ ሲያለቅስ እዚያው ቤት አልነበርሁም? እናቱማ ታቦት የወደቀ መስሏት ስለት ገባች።"

ወንዴ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። "ታዲያ ያ ሁሉ 'ታቦቱስ የት ገባ'…"

"አንተ ስትዋሽ ሸጋ አድርገህ ነው የምትዋሽ። ምነው ላቋርጥህ? ውቢትም ደስ ብሏት ነበር።"

"እና መሬቱን ለምን ሰጠኸው?"

ላቀው በበትሩ ወዲያ ማዶ አሳየው። "ቀበሌዎቹ መስኩ ሥራ የፈታ ነው፣ እንሸንሽነው ማለት ከጀመሩ ሁለት ክረምት ሆናቸው። ለዚያ ነው ባሕር ዛፍ ያልሁት፤ ተክል ያለበትን ቶሎ አይነኩም። ኋላ አንተ መጥተህ የመቃርስን ነገር አመጣህልኝ። ባሕር ዛፍ ይቆረጣል። የዮሐንስ ነው ካልሁ ግን ማን ደፍሮ ይነካዋል?"

"ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩበት ነው እኮ!"

"ይሥሩዋ። ፈቃዱ እስኪመጣ፣ ቆርቆሮው እስኪዋጣ፣ ማን ኮሚቴ ይሁን ተብሎ ተጣልተው እስኪታረቁ፣ አብዮት ይሸብታል። እስከዚያ ዮሐንስ ሜዳውን ለምን ብቻውን ይጠብቃል? ይጫወቱ።"

"መምሬስ?"

"መስቀሉን ነገ ወደ ዳር እናወጣዋለን ብለዋል። መሃል ከቆመ ኳሱ እየነጠረ ያስቸግራል አሉ።"

ወንዴ ሳቁ አመለጠው። እንባውም አብሮ አመለጠው፤ የትኛው እንደቀደመ አያውቅም። የወንድሙን ጉልበት ያዘ። "ስምህን እጽፍበታለሁ፣ አያ ላቀው። እንደ መቃርስ። በትልቁ።"

"እንዳትጽፍ! ቀበሌም ማንበብ ይችላል።"

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጎረምሶቹ ነገሩ ገብቷቸውም ይሁን ሳይገባቸው፣ በመስቀሉ ዙሪያ በአክብሮት እየዞሩ ኳስ መቀባበል ጀመሩ። ወንዴ እነሱን ሲያይ ልቡ ተከፈተ።

"አያ ላቀው፣ አንተ አታውቀውም እንጂ እኔ ሰው የሆንሁት እዚህ መስክ ላይ ነው" አለ። "አዘዞ ጎሚስታ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደግሞ የባላገር ልጅ ነበርሁ። እዚህ ብቻ ነው ስሜ የተጠራው። የኮሶዬ ልጆች የመጡ ቀን ትዝ ይልሃል? ለትምህርት ጎንደር ልሄድ በዋዜማው። ፋንታሁን በቀኝ በኩል ይዟት መጣ፣ ለምንይችል ሰጠው፣ ምንይችል ወደ መሃል ሲያሻግራት እኔ በግንባሬ! ከጨርቅ የተሠራች ኳስ፣ ውሃ ጠጥታ ድንጋይ ሆናለች፣ ራሴ ለሦስት ቀን ጮኸ። አንድ ለዜሮ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በጫንቃቸው ተሸክመውኝ ሄዱ።"

ላቀው ሣር እየነጨ ያዳምጣል።

"ስንት ለስንት አልህ?"

"አንድ ለዜሮ።"

"አንዷን አንተ አገባህ።"

"እኔ ነኛ!"

"ዜሮዋንስ?"

ወንዴ አልገባውም። "የምን ዜሮ?"

"ዜሮዋን ማን ጠበቃት?"

ወንዴ አሰበ። ፋንታሁንን ያስታውሳል፣ ምንይችልን ያስታውሳል፣ ከኮሶዬ ልጆች እንኳ የሁለቱ መልክ አልጠፋውም። የሐምቡርጉን ጨዋታ በረኛ ቢጠይቁት ቃልኪዳንን አስፈልጎ ይነግራቸዋል። በገዛ መስኩ ጎል በሆኑት ሁለት ድንጋዮች መሃል ግን አንድ ሰው ቆሞ ይታየዋል፤ ከእርሻ ቀጥታ የመጣ፣ ቁምጣው ጭቃ የሆነ፣ ሰዎቹ ወንዴን ተሸክመው ሲሄዱ ወደ በሬዎቹ የተመለሰ።

"አንተ ነበርህ?" አለ።

ላቀው ግራ እጁን ዘረጋለት። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማ የቀረች ናት። "ይቺ የዚያን ለት ነው የተሰበረች። በማግስቱ አንተ ትምህርት ቤት ሄድህ፤ እኔ በዚችው እጄ ሞፈር ያዝሁ።"

ወንዴ ያቺን ጣት ዕድሜውን ሙሉ ሲያያት ኖሯል። በእርሻ የተጎዳች ነበር የምትመስለው፤ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም።